ያልተደፋው ጥራጊ

ስልኩን ያነሳው ሰው «ጥንታዊ ቤት ነው፤ መሀል ከተማ፣ አሮጌው ሰፈር ውስጥ። ሰላም ያለው ማረፊያ ነው» ሲለኝ ሳቅሁ። መቱን አውቃታለሁ ባይ ነኛ! የዝናብ ከተማ ናት፤ ቆርቆሮው ሳያረጅ ይዝጋል፤ ጥንታዊ ቤት ከየት መጥቶ? ያም ሆኖ የሦስት ቀን ዕረፍት አግኝቼ ነበር፤ የሶርን ፏፏቴ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም፤ ሆቴል ማደርም አልወድም። እሺ አልኩት።

ባጃጁ ከድሮው ገበያ በላይ ያለውን ዳገት ወጥቶ አንድ አረንጓዴ የእንጨት በር ላይ ሲያቆመኝ ሳቄን ተውኩ። በሩን አውቀዋለሁ። በረንዳውን አውቀዋለሁ። ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ያለውን ስንጥቅ ሳይቀር አውቀዋለሁ፤ ስንት ቀን ጣቴን ከትቼበታለሁ። የእትዬ በለጡ ቤት ነው።

«ባጋ ነጋአን ዱፍተን! እንኳን ደህና መጡ» አለኝ ቤቱን የሚያከራየው ሰው። ቶሌራ ይባላል፤ ሠላሳን ቢያልፍ ነው። ቤቱን ከእትዬ የእህት ልጅ ወስዶ፣ አድሶ ለእንግዳ የሚያከራይ፣ ጨዋ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። በሩን ሲከፍትልኝ ሽታው ቀድሞት ወጣ። የማር ሰም፣ ከሥሩ ትንሽ ላምባ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ዝናብ የጠገበ ጣውላ። እዚያው ደጃፉ ላይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩና ጫማዬን አወለቅሁ።

«ኧረ አያውልቁ እህቴ! ምንም ችግር የለም።»

«አይ፣ ይቆጡኛል» አልኩት። ማን እንደሚቆጣኝ አልጠየቀኝም፤ የቤቱን ታሪክ ጀምሮልኝ ነበር።

ቤቱን የሠራው አንድ የግሪክ ነጋዴ ነው አለ። ይኼ የግሪኩ ሳሎን፣ ያኛው የግሪኩ ቢሮ። ጉድ በል ያገሬ ሰው! ቤቱን የሠሩት የእትዬ ባል ጋሼ ወልዴ፣ ከቅርቧ ኖፓ ወዲያ አገር ያላዩ የበቆሎ ነጋዴ ናቸው። የግሪኩ ቢሮ የተባለው ክፍል ደግሞ ሽንኩርት ይሰጣበት ነበር። አፌ አያርፍም፤ የዚያን ቀን ግን እንዳሻው ያውራ አልኩ። ሳሎኑ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አሮጌ አሮጌ ዕቃ ደርድሯል፤ የከሰል ካውያ፣ ፋኖስ፣ ድምፁ የሞተ ሬዲዮ፣ አፉ በጨርቅ ታስሮ በሰም የታሸገ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ።

«ይኼን አያችሁ…» አለ፣ እንደ አስጎብኚ ብቻዬን አብዝቶኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የወርቅ አፈር ነው። ግሪኩ ከወለጋ ያስመጣው የነበረ። ስናድስ ከጣሪያው ሥር ነው ያገኘነው። እንዳለ ይቀመጥ ብዬ አልከፈትኩትም።»

ሳቄ እንዳያመልጠኝ አቀርቅሬ ወለሉን አየሁ። ወለሉ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ቶሌራ ያለውን አልሰማሁም።

እዚህ ቤት መጀመሪያ የገባሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ በሐምሌ ነው። እናቴ፣ አባቴና እኔ ከኡካ በጭነት መኪና ተጭነን መጣን። አባቴ ኡካ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ለእኔ ግን የነገረኝ የለም። እኔ የማውቀው እግሯ ማበጡን ብቻ ነው። ጫማ አልገባ ስላላት የአባቴን ሸራ ጫማ ማሰሪያውን ፈትታ ታደርግ ነበር። ትልልቆቹ «ጅማ መሄድ አለባት፤ እዚህ አይሆንም» ሲባባሉ ስሰማ፣ በልኳ ጫማ ልትገዛ የምትሄድ መሰለኝ። «መቱ የጫማ ሱቅ የለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ። አባቴ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። አልሳቀም።

እትዬ በለጡ የእናቴ ክርስትና እናት ናቸው። ጋሼ ወልዴ ከሞቱ ወዲህ ሁለቱን የፊት ክፍሎች ያከራዩ ነበር፤ ለፍርድ ቤት ለመጣ፣ ለሠርግ ለመጣ፣ ፏፏቴውን ሊያይ ለመጣ። «ተከራይ» የሚለው ቃል ግን ከአፋቸው አይወጣም። «እንግዳ» ነው። ለእኛ የግራውን ክፍል ሰጡን፤ አንድ ሌሊት አደርንበት። በማግስቱ እናቴና አባቴ ሊሄዱ፣ እኔ ልቀር ሆነ።

እናቴ በር ላይ ጎንበስ ብላ «እትዬን አስቸግረሽ እንዳታሳፍሪኝ» አለችኝ። «ያዘዙሽን ሥሪ፤ ያላዘዙሽንም ሥሪ።» አላለቀስኩም። እትዬ ጃንጥላ ይዘው እስከ መናኸሪያ ሊሸኟቸው ወጡ፤ እኔ ብቻዬን ቀረሁ። በሉ እንግዲህ፣ ያላዘዙኝን ልሥራ! ከበር ኋላ መጥረጊያውን አነሳሁና የግራውን ክፍል ጠረግሁት። እንዴት ያለ መጥረግ መሰላችሁ! አልጋ ሥር ገብቼ፣ የጣውላውን ስንጥቅ ሳይቀር እየጎረጎርኩ። ከእናቴ ጫማ የረገፈ የኡካ ጭቃ፣ ከማበጠሪያዋ የወደቀ ፀጉር፣ ከሹራቧ የተመዘዘ ሰማያዊ ክር ነበር። ሁሉንም አፍሼ ጓሮ ኮባው ሥር ደፋሁት።

እትዬ ሲመለሱ ክፍሉን አዩ። ቀጥለው እኔን አዩ። «ጎበዝ» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ጃንጥላቸውን አራገፉ። ሥራዬ አላስደሰታቸውም ብዬ ሆድ ባሰኝ።

እትዬ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነው። አባታቸው ከሰላሌ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እርሳቸው መቱ ተወልደው ስላደጉ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ፤ ሲቆጡ ደግሞ ይገለብጡታል። እኔን «ሚጡ» ይሉኛል። ስሜ ሚጡ አይደለም ብላቸው «አሁን ሆነ» አሉኝ፤ በዚያው አለቀ።

ሥራዬ ወለሉ ነበር። ኦቦ ጉደታ የሚባሉ ከሶር ወዲያ ማር የሚያመጡ ሰው የማሩን ሰም ለብቻው ያመጡልናል። እትዬ ያቀልጡትና ላምባ ጠብ ያደርጉበታል። ወለሉ ከተቀባ በኋላ እኔ አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ ሁለት እግሬን ገጥሜ እቆምና ከግድግዳ ግድግዳ እንሸራተታለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ቢጮህ አይሰማም፤ ስለዚህ እንዳሻኝ እዘፍናለሁ። እንደዚያ ያለ ደስታ ዳግመኛ አላገኘሁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እየተንሸራተትኩ እናቴን እረሳታለሁ። ብርድ ልብሱ ሲቆም ትመጣብኛለች።

የመጀመሪያው እንግዳ ከኡካ ወዲያ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። የመሬት ክስ ነበረባቸው። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመው ጣታቸውን እየቀሰሩ «ክቡር ዳኛ! ይህ ሰው ውሸታም ነው!» ይላሉ። እኔ ከመስታወቱ ጋር የተጣሉ መስሎኝ፣ እንዳይሰብሩት ብዬ በቀዳዳ እጠብቃቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ጉዳያቸው አልቆ፣ መርቀውን ሄዱ። ገና በሩን ሳይዘጉት መጥረጊያዬን ይዤ ዘው አልኩ።

«በስመ አብ! አስቀምጪ! አስቀምጪ አልኩሽ!»

እትዬ መጥረጊያውን ከእጄ መንጭቀው ከበር ኋላ አቆሙት።

«ሰው መንገድ ወጥቶ ገና ሳይደርስ ቤቱ ይጠረጋል? ምን ያለሽው ነሽ? እግሩን ትጠርጊበታለሽ እኮ! መንገዱ ይጠፋበታል፤ አይመለስም።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚጠረገው?»

«በማግስቱ ነዋ። ደረሰ፣ ገባ ሲባል።»

የእኔ እናት በወጣችበት ሰዓት፣ አልጋ ሥር ገብቼ፣ ስንጥቁን ጎርጉሬ! ያ ሁሉ ጉብዝናዬ እናቴን ከቤት ጠርጎ ለማስወጣት ነበር ማለት ነው። ለማንም አልነገርኩም። ለማን ይነገራል? በዚያው ሰሞን አባቴ በአውቶቡስ ረዳት በኩል መልእክት ላከ፤ ረዳቱ በረንዳው ላይ ቆሞ «ገና ናቸው፤ ታገሱ ብለዋል» ብሎ ሄደ። ገና! ጫማ ለመግዛት ሦስት ሳምንት? እኔ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። መንገዱ ጠፍቷታል።

የማደርገው ሲጠፋኝ ኮባው ሥር ሄድኩ። ዝናቡ ሁሉን አጥቦታል፤ ግን አንድ ቦታ ሰማያዊ ክር አየሁ። የእናቴ ሹራብ! ክሩ ያለበትን ጭቃ በእጄ ዛቅሁና በቀሚሴ ይዤ ገባሁ። የግራው ክፍል አልጋ ሥር በተንኩት፤ የተረፈውን በጣቴ ስንጥቁ ውስጥ መለስኩት። የተጠረገ ነገር ከተመለሰ፣ የሄደችውም ትመለሳለች። ሒሳቡ ይኸው ነው። ደስ ብሎኝ እጄን ታጠብኩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ ባልና ሚስት መጡ፤ ፏፏቴውን ሊያዩ። እትዬ ክፍሉን ጠዋት አይተውት ስለነበር በኩራት በሩን ከፈቱላቸው። ሴትየዋ ነጭ ካልሲ አድርጋለች። ጫማዋን እንደ ደንቡ አውልቃ ገባች፤ ተመልሳ ስትወጣ ካልሲዋ ነጭ አልነበረም።

«እማማ፣ ቤቱ እኮ ጭቃ ነው» አለች በትሕትና።

«በእኔ ቤት?»

ሴትየዋ እግሯን አሳየቻቸው። ባሏ ሻንጣውን አነሳ። «አይቸገሩ፣ ሆቴል እንይ» ብለው ሄዱ። እትዬ በረንዳው ላይ ቆመው ቀሩ። እንግዳ ገብቶ ሳያርፍ ከቤታቸው ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው። ከማዶ ያለችው ጎረቤት በመስኮት ታያለች፤ እትዬም እንዳየቻቸው ያውቃሉ። ገብተው የግራው ክፍል አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡና «ሚጡ» አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«ይኼን ያደረግሽው አንቺ ነሽ?»

ያን ጊዜ ፈነዳሁ። ያ የሦስት ሳምንት ለቅሶ አንድ ላይ መጣ። እናቴ የወጣች ቀን መጥረጌን፣ ኮባው ሥር መድፋቴን፣ መንገድ መጥፋቷን፣ ክሩን ማግኘቴን፣ ሁሉንም እየተንሰቀሰቅሁ ተናገርኩ። እትዬ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«መጥረግሽን አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ? ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

«እናቷ የሄደችባት ልጅ ላይ ይጮኻል እንዴ?» በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫዬን ጠረጉልኝ። «ነይ እስቲ፣ ወደዚህ ቅረቢ። ያን ቀን አውቶቡሱ ጎማው ተንፍሶ እስከ ሦስት ሰዓት አልተነሳም። ቆሜ አይቻለሁ። አንቺ ስትጠርጊ እናትሽ መናኸሪያ ቁጭ ብላ ዳቦ ትበላ ነበር። መንገድ ያልጀመረ ሰው መንገደኛ ይባላል?»

«አይባልም።»

«በቃ! ዕዳው ገብስ ነው።»

እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። እትዬ ግን ተነሱና መጥረጊያውን ራሳቸው ያዙ። አልጋው ሥር የበተንኩትን አንድም ሳያስቀሩ አፈሱ፤ ክሩን ከነጭቃው ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጨምረው አፉን በጨርቅ አሰሩና በሰም አሸጉት። «እናትሽ እስክትገባ ይቀመጥ። ስትገባ እንደፋዋለን» ብለው ከበሩ በላይ፣ ጣሪያው ሥር ሰቀሉት። ዕዳው ገብስ ከሆነ ቆርቆሮው ለምን እንዳስፈለገ አልጠየቅሁም። ጠዋት ከቅዳሴ ሲመለሱ ቀና ብለው ያዩት ነበር። እኔም አያለሁ። ሁለታችንም ስለ ቆርቆሮው አናወራም።

ነሐሴ እንዲህ አለቀ። ሌላ እንግዳ መጣ፤ ሌላ እንግዳ ሄደ። በማግስቱ እየጠረግሁ፣ ብርድ ልብሴ ላይ እየተንሸራተትኩ፣ አውቶቡስ ክላክስ ባሰማ ቁጥር በረንዳ እየወጣሁ። እንቁጣጣሽ ያለ እናቴ ዋለ። እትዬ አዲስ ቀሚስ አለበሱኝ፤ አበባ ይዤ ጎረቤት ዞርኩ፤ የመጣው ሳንቲም ግን አላስደሰተኝም።

ከእንቁጣጣሽ በአራተኛው ቀን ዝናቡ አባርቶ ወለሉን ስወለውል፣ በሩ ላይ ጥላ ወደቀብኝ። ቀና ስል በመጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። ቡናማ፣ አዲስ፣ በልኳ። እግሯ ቀጥኗል፤ ፊቷም ቀጥኗል። እቅፏ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ያለቅሳል። ጫማውን ብቻ ነበር የጠበቅሁት፤ ወንድም ተጨምሮበት መጣ። ብርድ ልብሱ ላይ እንደቆምኩ ተንሸራትቼ ሄጄ ወገቧ ላይ ተለጠፍኩ።

እትዬ እልል ብለው ሲያበቁ፣ ማንም ሳይቀመጥ ቆርቆሮውን አወረዱና እጄ ላይ አደረጉት። ኮባው ሥር ሄድን። «ድፊውና ገብታለች በይ» አሉኝ። ደፋሁት። «ገብታለች!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ነገሩ ሲነገራት እስኪያማት ሳቀች፤ ስፌቱ እየሳባት ሆዷን ይዛ።

«እግዜር ይስጠው ጎማው ያን ቀን ባይተነፍስ…» አልኳት።

«የምን ጎማ? አውቶቡሱ እኮ በሰዓቱ ነው የወጣው።»

እትዬን አየኋቸው። ድንገት ሳል ያዛቸውና ወደ ጓዳ ገቡ።

ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ኡካ ልንመለስ ሆነ። እትዬ ጠዋት ፀጉሬን ሹሩባ ሠርተው ጫፍ ጫፉ ላይ ቀይ ጨሌ አሰሩልኝ፤ ሰባት ጨሌ። እርሳስና ደብተር ገዝተውልኝ ነበር፤ እርሳሱን እዚያው በቢላ ቀረጹልኝ፤ ፍርፋሪው ወለሉ ላይ ቀረ። አቀርቅሬ ላነሳ ስል «ተዪው» አሉ። «ለመስቀል እመጣለሁ» አልኳቸው። «እንዳትቀሪ» አሉኝ። መኪናው ላይ ዞር ብዬ ሳይ፣ በረንዳው ላይ ቆመው መጥረጊያውን በእጃቸው ይዘውታል። ከዚያ ከበሩ ኋላ መልሰው አቆሙት። መንገድ ላይ እናቴ ፀጉሬን ስትዳስስ «አንዷ ጨሌ የት ገባች?» አለች። ስድስት ሆነዋል።

ለመስቀል አልሄድኩም። መንገዱ በጭቃ ተቆርጦ ነበር። ከዚያ አባቴ ወደ ሩቅ አገር ተዛወረ፤ እኛም ተከተልነው። የእትዬን ሞት የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው። ያን ሰሞን አዘንኩ፤ ሥራ ነበረኝ፤ ኑሮ ነበረኝ፤ ቀጠልኩ። እውነቱ ይኸው ነው። የሚያኮራ አይደለም።

ይኼን ሁሉ በግራው ክፍል ተጋድሜ ሳስብ ቆየሁና፣ ጠዋት ቶሌራ ቁርስ ሲያቀርብ አንድ ነገር ሽው አለብኝ። ቆርቆሮው! እናቴ ስትገባ ደፍተነዋል። ባዶ ቆርቆሮ ማን ያሽጋል?

«ቶሌራ፣ ያን የግሪኩን ቆርቆሮ ልከፍተው?»

«የወርቁን?» ዓይኑ በራ። «እኔም እኮ ቤቱን ካደስኩ ጀምሮ ያጓጓኛል። እርስዎ ካሉ… ቢላ ላምጣ!»

ሰሙን ፍቄ ጨርቁን ፈታሁት። ቶሌራ በትከሻዬ በኩል አጎንብሷል። የደረቀ አፈር ነው። ትንሽ የፀጉር ጉንጉን። የእርሳስ ፍርፋሪ። ከሥሩ፣ ቆርቆሮውን ሳዘነብለው፣ አንዲት ቀይ ጨሌ ተንከባልላ ወጣች።

«አፈር ነው እንዴ?» አለ ቶሌራ አዝኖ።

«ጥራጊ ነው።»

«የማን?»

«የእኔ።»

እትዬ እኔ በወጣሁ ማግስት ጠርገውታል። አፍሰው፣ አሽገው፣ ጣሪያው ሥር ሰቅለውታል። ከቅዳሴ ሲመለሱ ቀና እያሉ አይተውታል፤ ስንት ጠዋት፣ ስንት መስቀል፣ እኔ እንጃ። የሚጠብቁት ሰው በሰላም ኡካ ገብቶ ነበር፤ እርሳቸው ግን የእኔን መግባት የሚቆጥሩት በዚህ በር ነበር። አፈር ልሁንልዎ እትዬ! እንዲህ ሲጠብቁኝ እንደኖሩ ማን ነገረኝ?

ቆርቆሮውን አቅፌ በጓሮ በር ወጣሁ። ኮባው ያኔ የነበረው አይደለም፤ ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ይሆናል፤ ቦታው ግን ያው ነው።

«ኧረ እህቴ፣ አይድፉት! የቤቱ ቅርስ እኮ ነው!» እያለ ቶሌራ ተከተለኝ።

«እንግዳው ሲመጣ ይደፋል» አልኩት። «ደንቡ ነው።»

ከነጨሌዋ ኮባው ሥር ደፋሁት። እንደ ልጅነቴ ልጮኽ ፈልጌ ነበር፤ ወደ መሬቱ ጎንበስ አልኩ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ገብቻለሁ።»